ከስሙ በፊት ትምህርቱን እንጠይቅ

(ልጆቻችን ምህንድስና ለመማር ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ሊታሰብባቸው ስለሚገቡ ነገሮች የማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ ለአባላት ስብሰባ ያቀረበው ንግግር)



ኮሚቴያችን ዛሬ አንድ ጉዳይ ይዞ ቀርቧል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈች፣ ምህንድስና መማር የምትፈልግ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን በምን ቅደም ተከተል ትሙላ? ነገሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ልጅቱ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትደረድራለች፣ ትልካለች፣ አለቀ። የሚከተለው ግን የአምስት ዓመት ኑሮ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንጀራዋ ነው።

ዕድሉም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፍ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የመጀመሪያው ዙር ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ያለፈች ልጅ አሁንም ከጥቂቶቹ አንዷ ናት። ይህን ያህል ደክማ ያገኘችውን ዕድል በችኮላና በወሬ መሙላት አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

በየቤታችን ምርጫው የሚሞላው ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ነው። አንዳንዱ ቤት በስም ይሞላል፤ ጎረቤት ሲሰማ ደስ የሚያሰኘው ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ይሆናል። አንዳንዱ ቤት በቅርበት ይሞላል፤ «ልጄ ቅዳሜና እሁድ የምትመጣበት ይሁን» እንላለን። ልጆቻችን ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር ተማክረው አንድ ዓይነት ይሞላሉ፤ ተያይዘን እንሂድ ነው ነገሩ። ሦስቱም ክፉ ሐሳብ አይደሉም። ነገር ግን ሦስቱም የሚዘሉት አንድ ጥያቄ አለ። ልጅቱ እዚያ ሄዳ የምትማረው ምንድን ነው?

ምህንድስና የአንድ ሙያ ስም አይደለም። ሲቪል መሐንዲስ ሕንፃና መንገድ ትሠራለች። ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ከኃይል ማመንጫ እስከ ቴሌኮም ትሠራለች። ኬሚካል መሐንዲስ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሳሙና በሚመረትበት ፋብሪካ ቦታ አላት። ባዮሜዲካል መሐንዲስ የሆስፒታል መሣሪያዎችን ትተክላለች፣ ስትጠግንም ትውላለች። የውሃ መሐንዲስ ግድብ፣ መስኖና የከተማ ቧንቧ ታስባለች። ሜካኒካል፣ ኢንዱስትሪያል፣ ሶፍትዌር፣ ጨርቃጨርቅ፣ ማዕድን፣ ምግብ እያለ ይቀጥላል። አንዲት ልጅ «ኢንጂነሪንግ እፈልጋለሁ» ስትለን፣ «የትኛውን?» ብለን መጠየቅ የእኛ የእናቶች ድርሻ ነው። መልሱን እኛ ባናውቀውም ጥያቄው እንድትፈልግ ያደርጋታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። «ሲቪል ለሴት ልጅ አይሆንም፣ ሳይት ላይ ፀሐይና አቧራ ነው፣ ከወንድ ሠራተኛ ጋር መጨቃጨቅ ነው» የሚል ዘመድ በየቤቱ አይጠፋም። ከመካከላችን በቀን ሥራ ሲሚንቶ ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ። ሳይት ላይ ሴት አትችልም የሚለውን ለእነሱ የሚነግራቸው የለም። ፀሐዩን እናት ከቻለችው፣ ፕላን ይዛ የምታዘው ልጅ እንዴት ያቅታታል? ልጅቱ ሲቪልን የምትተወው ሌላ ትምህርት የበለጠ ስለወደደች ይሁን፤ ዘመድ ስላስፈራራት አይሁን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ነገር እዚህ ላይ አለ። ልጆቻችን የሚመደቡት ሁለት ጊዜ ነው፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ብንል ይሻላል።

የመጀመሪያው ምደባ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። ይህ በውጤቷ፣ በሞላችው ምርጫና ዩኒቨርሲቲው ባለው ቦታ ይወሰናል። ለሴቶች የሚደረግ ድጋፍም አለበት። ከባድ የጤና ችግር ላለባት ወይም ሕፃን ለምታጠባ ተማሪ በማስረጃ የሚታይ ልዩ ሁኔታም አለ፤ እንዲህ ያለ ምክንያት ያላት ልጅ ማስረጃዋን ከምደባው በፊት ታቅርብ። ከተመደቡ በኋላ ለመቀየር መሯሯጥ ድካም ነው።

ሁለተኛው ምደባ የሚመጣው ግቢ ከገባች በኋላ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። ሒሳብና ፊዚክስ አለ፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛም አለ። ምህንድስና የምትፈልግ ልጅ ከሕክምናውና ከሌላው የተፈጥሮ ሳይንስ ተለይታ ወደ ምህንድስናው የምትገባው በዚህ ሂደት ነው። ሦስተኛው ምደባ ደግሞ ምህንድስና ከገባች በኋላ የሚደረገው የትምህርት ክፍል ምርጫ ነው፤ ሲቪል ነው፣ ኤሌክትሪካል ነው ወይስ ኬሚካል የሚለው ያን ጊዜ ይለያል። እዚያም እንደገና ምርጫ ትሞላለች፣ እንደገናም በውጤቷ ትወዳደራለች።

ይህ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የምትፈልገው የትምህርት ክፍል ከሌለው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን እዚያ አታገኘውም። ሁለተኛ፣ ስመ ጥር በሆነው ግቢ ከአገሪቱ ከፍተኛ ውጤት ካመጡ ልጆች ጋር ትሰለፋለች። ሁሉም ሶፍትዌርን ወይም ኤሌክትሪካልን አንደኛ ሲሞሉ፣ በውጤት ያነሰችው የተረፈው ክፍል ይደርሳታል። በስሙ ኮርተን የላክናት ልጅ ያልፈለገችውን ትምህርት አምስት ዓመት ልትማር ትችላለች። ሦስተኛ፣ «ፍሬሽማን ላይ ያለው ቀላል ነው» እየተባለ የሚናቀው ሎጂክና ሳይኮሎጂ ልክ እንደ ሒሳቡ ጂፒኤ ውስጥ ይገባል። ልጆቻችን ይህን ያዙልን። የትምህርት ክፍል ምርጫችሁ የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያው ፈተና ላይ ነው።

እንግዲህ የትኛው ግቢ በምን ይታወቃል? ሁሉንም መዘርዘር አንችልም፤ ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

አምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ በምህንድስና ትምህርት ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ሌላ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የሚቀበሉት የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ላለፉ ተማሪዎች ነው። ስለዚህ ወደ ሦስቱ መግባት የምትፈልግ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አይበቃትም፤ የምዝገባውን ቀን መጠበቅ፣ ለሌላ ፈተና መዘጋጀትም አለባት። ምዝገባው ካለፈ በኋላ «አልሰማንም» ማለት አይረዳም።

ባሕር ዳር የቆየው ፖሊቴክኒክ በንጉሡ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ኬሚካልና ምግብ ምህንድስና አለው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ለብቻው አለ። ልብስ ስፌት ላይ የተሰማራችሁ አባሎቻችን ልጆቻችሁ ይህን ይወቁ፤ እናት በመኪና የሰፋችውን ልጅ ከክሩ ጀምራ ልትማረው ትችላለች።

አርባ ምንጭ በውሃ ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተነሣው በደርግ ዘመን ከተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ሃይድሮሊክስ፣ መስኖ፣ የውሃ አቅርቦት መማር ለምትፈልግ ልጅ ከአዲስ አበባ ይልቅ አርባ ምንጭን አንደኛ መሙላት ሞኝነት አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታልም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ስላለው ባዮሜዲካል ለምትፈልግ ልጅ ይስማማል። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋና ኮምቦልቻም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች አሏቸው፤ ሦስቱም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። ይህ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ የምህንድስና ተማሪ ከመመረቋ በፊት ወደ ድርጅት ወጥታ በተግባር የምትሠራበት ጊዜ አላት፤ ኢንተርንሺፕ የሚሉት ነው። ፋብሪካ በቅርብ ያለባት ከተማ ያን ጊዜ ትጠቅማለች።

«ምህንድስና እኮ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አለ» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ በብዙዎቹ አለ። ምክንያቱም መንግሥት ከመቶ ሰባ የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ በወሰነበት ዘመን አብዛኞቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ምህንድስና ከፈቱ። ክፍሉን መክፈት ግን አንድ ነገር ነው፤ ላብራቶሪውን ማደራጀት፣ ወርክሾፑን በማሽን መሙላት፣ መምህሩን ማቆየት ሌላ ነው። ስለዚህ ልጃችን ልትሞላው ስላሰበችው ግቢ ስሙን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ትጠይቅ። የምፈልገው ክፍል አለ ወይ? ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ተቀበለ? ስንት ጂፒኤ ያላቸው ገቡ? ላብራቶሪው ይሠራል ወይስ ተቆልፎ ነው የሚውለው? ተማሪዎቹ የመውጫ ፈተናን እንዴት አለፉ? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ካላለፈ ኮርሶቹን ሁሉ ቢጨርስም ዲግሪው አይሰጠውም። በግል ኮሌጅ ከፍላችሁ ለማስተማር የምታስቡ እናቶችም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ትምህርት፣ በዚያ ካምፓስ ፈቃድ መስጠቱን ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች ማን ይመልሳል? ከማስታወቂያ ይልቅ እዚያው ግቢ ያለች ልጅ ትመልሳለች። የማኅበራችን ልጆች በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ። የአንዷ ስልክ ከእናቷ ዘንድ አለ። ምርጫ ከመሙላት በፊት ሁለት ሦስት ስልክ መደወል ከብዙ ወሬ ያድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ወደ ርቀቱ።

እናቶች የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በብዙ ቦታ ግጭት ነበረ፤ ዛሬም ያልበረደበት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ልጅ የት እንደደረሰች ሳያውቁ ማደር ምን እንደሆነ ከመካከላችን የቀመሱት አሉ። ስለዚህ «አትፍሩ» አንላችሁም። የምንላችሁ ርቀትና አደጋ አንድ አይደሉም ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መንገድ ሊያስፈራ ይችላል፤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ከተማ ደግሞ ሰላም ውሎ ሊያድር ይችላል። የምንጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለን ብቻ ከሆነ ፈርተን የምንሸሸውን ነገር አናውቀውም። በዚህ ዓመት መንገዱ እንዴት ነው? ተማሪዎች በምን ይመላለሳሉ? ከተማው አውሮፕላን ማረፊያ አለው ወይ? ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ አላቸው። ቲኬቱ ውድ ነው፤ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ሲከፋ፣ መውጫ ነው።

አደጋ ማለት የመንገዱ ብቻም አይደለም። በቅርብ ያለ ግቢ ሁሉ ለሴት ልጅ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። የሴቶች ዶርም ከላይብረሪ ምን ያህል ይርቃል? ማታ መብራት አለ? ውሃ ሲጠፋ ሴቶቹ ወዴት ይሄዳሉ? በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ክፍል አለ፤ ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃል ወይ? መምህር ወይም ተማሪ ቢያስቸግራት ለማን ትናገራለች? ልጆቻችን ግቢ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የዚያን ክፍል በር ይወቁት። የአየሩም ነገር አለ። አርባ ምንጭና ድሬዳዋ ሞቃት ናቸው፣ ወባም አለ፤ አጎበር ከሻንጣው ውስጥ አይቅር።

ስለ ወጪውም እንነጋገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች። የምግቧንና የማደሪያዋን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ድርሻዋን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ቀስ በቀስ የምትከፍለው ዕዳ ነው። ስትገባ በእጅ የሚጠየቅ ገንዘብ ስላልሆነ ማንም እናት በዚህ ምክንያት ልጇን አታስቀር። የሚከብደው ውሉ ላይ የሌለው ነው። የትራንስፖርት፣ የሞዴስ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ፣ የኢንተርኔት ወጪ አለ። ምህንድስና ደግሞ ሳይንሳዊ ካልኩሌተርና የንድፍ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ወደ ትምህርት ክፍሏ ከገባች በኋላ እንደ አውቶካድ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚሸከም ላፕቶፕ ያስፈልጋታል። ላፕቶፕ የሌላት ልጅ ጓደኛዋ እስክትተኛ ጠብቃ፣ በሌሊት ተውሳ ነው የምትሠራው።

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴያችን ውስጥም ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው ወገን «የማኅበሩ የትምህርት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ በቅርብ ለሚማሩት ብቻ እንስጥ፣ ለብዙ ልጅ ይዳረሳል» አለ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለአንዲት አርባ ምንጭ ለምትማር ልጅ መሣፈሪያ የሚወጣው አዳማ ለሚማሩ ለብዙዎች ይበቃል። ሌላው ወገን ግን «እንዲህ ካደረግን ልጆቹ ምርጫቸውን የሚሞሉት በትምህርቱ ሳይሆን በእኛ ገንዘብ ነው» አለ። የውሃ መሐንዲስ መሆን የምትችለው ልጅ ለአውቶቡስ ስንል ሌላ ነገር ብትሆን ቁጠባችን ለምን ቆመ? ብዙ ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው በዚህ ነው፤ ዛሬም ለእናንተ የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ የኪስ ገንዘቡ ለሁሉም ልጅ እኩል ይሁን፤ በቅርብም ትማር በሩቅ። የመንገድ ወጪ ለብቻው ይያዝ፤ ከምትሄድበት ጋር ይስተካከል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፕ በማኅበሩ ስም ተገዝቶ በውሰት ይሰጥ፤ ተመርቃ ስትወጣ ለቀጣይዋ ታስረክብ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆቻችን ከተፈታኞቹ ጋር የሚነጋገሩበት አንድ ቀን ይዘጋጅ፤ በአካል የማይችሉ በስልክ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቡናና ቆሎ ይበቃል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ለሁለተኛው ነው። አዲስ መሆን የለበትም፤ ባትሪው የሚሠራ፣ ፕሮግራሙን የሚችል ላፕቶፕ አንዲትን ልጅ ከሁለተኛ ዓመት እስከ ምረቃ ያደርሳታል፤ ከእሷም በኋላ ለእህቷ ይቆያል። የመንገዱን ወጪ ከቁጠባችንና ከእናንተ እገዛ በግማሽ በግማሽ ብንሸፍነው ደግሞ ማንም ልጅ ትምህርቷን በአውቶቡስ ዋጋ አትመርጥም።

እናቶች ሆይ፣ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ስትቀመጡ ወረቀት አውጡና በቅደም ተከተል ተጠያየቁ። ምን መማር ትፈልጊያለሽ? ያ ትምህርት የት የት አለ? ከእነዚያ ውስጥ ከውጤትሽ ጋር ስትወዳደሪ ልታገኚው የምትችይው የት ነው? እዚያ በሰላም ሄደሽ፣ በሰላም ኖረሽ መምጣት ትችያለሽ ወይ? ስሙና ቅርበቱ ከእነዚህ በኋላ ይምጡ። ሁለት ግቢዎች በሁሉም እኩል ከሆኑ ቅርቡን ምረጡ፤ እናትም ናፍቆቷ ይቆጠርላታል። ልጅቱ ምህንድስናን ካልወደደችው ደግሞ ሒሳብ ስለምትችል ብቻ አትገፏት።

ልጆቻችን፣ ለእናንተ አንድ ቃል ብቻ። ምርጫውን ከእናቶቻችሁ ጋር ተመካከሩ፣ ከጓደኛችሁ አትቅዱ። ጓደኛ በአዲሱ ዶርም ታገኛላችሁ። እናቶቻችሁ «ፈራሁ» ሲሉ አትቆጡ፤ «ምኑን ነው የፈራሽው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ፈልጋችሁ አምጡላቸው። የመመደቢያ መመሪያው በየዓመቱ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን የትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ፤ ካነበባችሁ በኋላ ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው።

ምርጫቸውን ለመሙላት እገዛ የሚፈልጉ ልጆች ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ለኮሚቴው ይንገሩ። ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ያሉ እናቶችም ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት የግቢውን ስምና ልጃችሁ የምትማረውን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡልን። ከዚያ እንጀምራለን።